የጅማው ልጅና የሩቅ ዘመዶቹ

አጋሮ፣ መናኸሪያው አጠገብ ጀበና ቡና ጋ ተቀምጫለሁ። ወሩ ኅዳር፣ የቀይ እሸት ጊዜ ነው። ጆንያ የጫነ አይሱዙ ጥላ ሥር ቆሟል፤ ረዳቱ ጆንያው ላይ ጋደም ብሎ በሞባይሉ ሙዚቃ ከፍቷል። ሁለት ሰዎች፣ አንዱ አሜሪካዊ አንዱ ጃማይካዊ፣ ቃል እየተነጣጠቁ ያወርዱታል። እኔን የገረመኝ ግን የእነሱ አፍ አይደለም፤ ከሥራቸው እየዞረች የምትመለሰው ዜማ ናት።

«ማን ነው?» አልኩት።

«ናስ ነው ጋሼ። ከቦብ ማርሌ ልጅ ጋር።»

«ቢቱስ?»

«ቢቱማ የአሜሪካ ነው።»

ቢቱ የአሜሪካ አልነበረም። ባለቤቱ የተወለደው ረዳቱ ካለበት ወደ 45 ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው ጅማ ነው። ይህን ስነግረው ከጆንያው ላይ ቀና ብሎ አየኝ፤ ያመነኝ አይመስለኝም።

ሙላቱ አስታጥቄ በታኅሣሥ 1936 ዓ.ም. ጅማ ሲወለድ ከተማዋ ከጣልያን እጅ ከወጣች ሦስት ዓመት አልሞላትም ነበር። ቤተሰቡ በልጅነቱ ወደ ዌልስ ለትምህርት ላከው፤ የታሰበለት የአውሮፕላን ምህንድስና ነበር። ልጁ ግን እዚያ መለከት ይዞ ተገኘ። ከዌልስ ወደ ለንደን፣ ከለንደን ወደ ቦስተኑ በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አለፈ፤ በርክሊ የገባ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪ እሱ ነው። ኒው ዮርክ ሲደርስ የፖርቶ ሪኮ ሙዚቀኞችን ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ1966 «አፍሮ ላቲን ሶል» ያላቸውን ሁለት አልበሞች አወጣ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ላይኛው ዜማ ባለ አምስት ድምፅ በሆኑት ቅኝቶቻችን፣ በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰል ወይም በአንቺሆዬ ይሄዳል፤ ከሥሩ የጃዝ ስምምነትና የላቲን ምት ይገባበታል። ሲወራ ቀላል ነው። አምስቱን ድምፅ ሳያበላሹ የጃዙን አሥራ ሁለት ድምፆች ከሥር ማስገባት ግን ወጡ ሳይቀጥን ውኃ እንደመጨመር ያለ ሥራ ነው።

አዲስ አበባ ሲመለስ አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ ጠበቀው። በዚያ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። አምሃ ሕጉን ቸል ብሎ በ1961 ዓ.ም. የራሱን አሳታሚ ድርጅት ከፈተ፤ ሸክላዎቹን ውጭ አሳትሞ ያስመጣል። ድርጅቱ እስኪዘጋ ድረስ 103 ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላዎችንና 12 አልበሞችን አወጣ። «የግሌ ትዝታ» በአምሃ ምልክት ከወጡት አንዷ ናት። ዘፋኝ የላትም። ጊታሩ «ዋ-ዋ» እያለ ያጉረመርማል፣ ሳክስፎኑ ደግሞ ሆድ የባሰው ሰው ይመስላል።

ከዚያ ደርግ መጣ። ሰዓት እላፊው የምሽት ክበቦችን ጸጥ አሰኘ፣ አምሃም አሜሪካ ቀረ። ለሃያ ዓመት ያህል ያቺ ሙዚቃ የምትገኘው በሰው ቤት፣ በአሮጌ ሸክላና ከሸክላ ወደ ካሴት በተገለበጠ ቅጂ ነበር። (እኔም ጅማ ተማሪ ሳለሁ ባዶ ካሴት ይዤ ሙዚቃ ቤት እየሄድኩ አስቀድቻለሁ፤ ለሠሪው ሳንቲም ይድረሰው አይድረሰው አስቤውም አላውቅ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ዐዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው።)

ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ «ኢትዮፒክስ» በሚባለው ተከታታይ የአልበም ሥራው አራተኛውን ቅጽ በ1990 ዓ.ም. ለሙላቱ ሰጠው። በ1997 ዓ.ም. ጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው ፊልሙ አስገባው። ፊልሙ ላይ ትውልደ ኢትዮጵያዊው ጎረቤት ለዋናው ተዋናይ ለቢል መሪ ሲዲ ቀድቶ ይሰጠዋል፤ ሰውየው መንገድ ለመንገድ የሚያዳምጠው ሙላቱን ነው። ከዚህ በኋላ የሂፕ ሆፕ ሰዎች ዝም አላሉም። ኦ ኖ የተባለው የካሊፎርኒያ ልጅ እ.ኤ.አ. በ2009 ከኢትዮጵያ ሸክላዎች ብቻ ቆርጦ አንድ ሙሉ አልበም ሠራ። ሶማሊያዊው ኬናንም በዚያው ዓመት ባወጣው አልበም ከኛው ሸክላዎች ተጠቅሟል።

ትልቁ ግን በ2002 ዓ.ም. መጣ። ናስና ዴሚየን ማርሌ የጋራ አልበማቸውን «ዲስታንት ሬላቲቭስ»፣ የሩቅ ዘመዶች ብለውታል። መንገዱን እንድትጠርግ ቀድማ በየካቲት የወጣችው ነጠላ ዜማ «አዝ ዊ ኤንተር» ናት፤ ያቀናበራትም ዴሚየን ራሱ ነው። ከ«የግሌ ትዝታ» ጥቂት ሰከንድ ተቆርጣ በዙር ትሄዳለች፣ ሁለቱ ከላይ እየተቀባበሉ ይናገራሉ። አልበሙ በግንቦት ወጥቶ በመጀመሪያው ሳምንት አሜሪካ ውስጥ 57 ሺህ ያህል ቅጂ ሸጠና በቢልቦርድ ሠንጠረዥ 5ኛ ሆኖ ገባ። ደቡብ አፍሪካ ላይ የዓለም ዋንጫ ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት ነበር። ኬናንም በአልበሙ ሁለት ዘፈኖች ላይ አለ።

ቀጥሎ የምለውን አንባቢ ቀድሞ ሳይገምተው አይቀርም፦ «ጅማ 5» የሚባለው ቡና አልጋ ላይ ደርቆ፣ በጆንያ ጥሬውን ወጥቶ፣ ውጭ ተቆልቶ፣ በሌላ ስም ይሸጣል፤ ሙዚቃውም እንደዚያው። ይህ ምሳሌ አይዋጥልኝም። ሙላቱ ጥሬ ቡና አልነበረም። ቫይብራፎኑንና ኮንጋውን ከኒው ዮርክ ይዞ መጥቶ፣ አዲስ አበባ ላይ ቆልቶ ፈጭቶ አፍልቶ የጨረሰው ራሱ ነው። እነ ናስ የወሰዱት ያለቀለት ዕቃ ነው፤ ከየት እንደወሰዱትም በአልበማቸው ላይ ጽፈዋል። የአጋሮው ረዳት ባለቤቱን ያላወቀው ፈረንጅ ስለደበቀበት አይደለም። እኛ ስላልነገርነው ነው። በርክሊ በ2004 ዓ.ም. ለሙላቱ የክብር ዶክትሬት ሲሰጥ፣ በጅማ መንገድ ላይ ስንቱን ተማሪ ብጠይቅ ስለ አባ ጅፋር እንጂ ስለ ሙላቱ የሚያወራልኝ አገኝ ነበር?

ረዳቱ ስልኩን ሰጠኝና «የግሌ ትዝታ»ን ፈልጌ ከፈትኩለት። ዝም ብሎ አዳመጠ። ያቺ የሚያውቃት ቦታ ስትደርስ በእጁ ጆንያውን መታ መታ አደረገ፣ ከዚያ ራፑን ጠብቆ ሳይመጣ ሲቀር ሳቀ። «ለካ ይቀጥላል!» አለ።

ፋልሴቶም ሆነ ኦ ኖ የሠሩት አንድ ሰው ሳይጥለው ካቆየው ሸክላ ነው። በቡና መሸጫ ወራት እጁ ላይ ገንዘብ የገባለት ሰው ግራሞፎንና ሸክላ የሚገዛበት ዘመን ነበር። እናም በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ያላችሁ፣ ከአባታችሁ ቁም ሣጥን ላይ አቧራ የለበሰ ሸክላ ካለ ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ገልብጣችሁ ስሙን አንብቡት።