ቀኑ ሳይሞላ የተወለደ ሕፃንና የእናቱ ዕውቀት

አቃቂ የምድር ባቡር መሥመር በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ፣ በጣቢያውና በኋላም በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ዙሪያ ያደገ ሰፈር ነው። ከልዩ ልዩ አገር ለሥራ የመጡ ቤተሰቦች ይኖሩበታል። በደጋው ልማድ የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ ሴት ወደ እናቷ ቤት ትሄዳለች፤ ከዘመድ ርቃ ለምትኖር ግን ይህ ሁልጊዜ አይሆንላትም። ስለዚህ ቀድሞ ከእናትና ከአያት ይገኝ የነበረው ምክር ከሐኪም ቤት የሚጠየቅ ሆነ። ለውጡም ይልቁን የሚከብደው ልጁ ቀኑ ሳይሞላ፣ ማለት ከ37 ሳምንት በፊት፣ ሲወለድ ነው።

እንዲህ ያለው ሕፃን ቆዳው ስስ፣ ስቡም ጥቂት ስለሆነ ሙቀቱ ቶሎ ያመልጠዋል፤ እጅግ ቀድሞ የተወለደውም መጥባትን፣ መዋጥንና መተንፈስን ማስተባበር ይሳነዋል። በ1880ዎቹ በፓሪስ ስቴፋን ታርኒዬ እነዚህን ሕፃናት በሚሞቅ ሣጥን ማኖር ጀመረ። ሣጥኑ ሕይወት አዳነ፤ ነገር ግን እናትን ከልጇ ለየ። ተከታዩ ፒዬር ቡዳን ከልጇ የተለየች እናት ፍቅሯ እየቀዘቀዘ እንደሚሄድ አስተውሎ ነበር። በ1978 በቦጎታ ሣጥኑ ለሕፃናቱ ቍጥር ባልበቃ ጊዜ ዶክተር ኤድጋር ሬይ ሕፃኑን በእናቱ ጡቶች መካከል፣ ገላን ከገላ አገናኝቶ፣ ቀጥ አድርጎ እንዲታሰር አደረገ። ልጇን በከረጢቷ ከምትይዘው የአውስትራሊያ እንስሳ ስምም «የካንጋሮ እናት እንክብካቤ» ተባለ።

ይህ ብልሃት በኢትዮጵያ የሩቅ ወሬ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ1998 በታተመው የሦስት ከተሞች ጥናት አዲስ አበባ ከዮግያካርታና ከሜሪዳ ጋር ተካፋይ ነበረች። ቦጋለ ወርቁና አሳየ ካሴ በ2005 ባሳተሙት የአዲስ አበባ ጥናትም 123 ሕፃናት ተመርምረው፣ ፈጥነው በእናታቸው ደረት ላይ የዋሉት በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 ይህ እንክብካቤ ከወሊድ በኋላ ወዲያው እንዲጀመር መክሯል።

እንግዲህ ጥያቄው የመሣሪያ ብቻ አይደለም፤ የልማድም ነው። አራስነት እናትን ከሥራ አሳርፎ ከልጇ ጋር ያቆያታል፤ ይህም ለካንጋሮው ብልሃት የተመቸ ነው። በሌላ በኩል አራስ ልጅን ወዲያው ማጠብና ቅቤ ማስዋጥ ደካማውን ሕፃን ይጎዳሉ። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሡ ከቤት አለመውጣትም ለክትትል ወደ ሐኪም መመለስን ያስቀራል። ስለዚህ «ልጁን ወደ ሐኪም አምጪ» የሚለው ትእዛዝ ብቻውን አይበቃም። ሙቀት ስለምን እንደሚያመልጥ፣ የታለበው የጡት ወተት በሲኒ እንዴት እንደሚሰጥ፣ መቼ አደጋ እንዳለ ለእናቲቱም ለአያቲቱም ሊብራራ ይገባል።

በኢትዮጵያ በመጀመሪያው ወር የሚሞቱ ሕፃናት በ2000 ከ1,000 ሕያው ልደት 49 ነበሩ፤ በ2016 ወደ 29 ወርደዋል። በአቃቂ ቃሊቲ በቻይና ርዳታ የተሠራው የጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ለዚያ ሰፈር እናቶች በር ነው። ነገር ግን እናት ከበሩ ስትወጣ ይዛ የምትሄደው ሣጥኑን ሳይሆን ዕውቀቷን ነው፤ የታሪኩም ፍሬ ይኸው ነው።