የፕሮቶኮል ቅጥያ
በነባር የኢንተርኔት ደንብ ላይ የሚጨመር አዲስ ችሎታ። ቅጥያው ለይቶ ያልለወጠው የመሠረቱ ሕግ ሁሉ እንደጸና ይቆያል።

የኢሜይል መላኪያው ደንብ ኤስኤምቲፒ አድራሻን በእንግሊዝኛ ፊደላት፣ ቁጥሮችና ጥቂት ምልክቶች ወስኖ ነበር። በ2004 ዓ.ም. የወጣው አርኤፍሲ 6531 የተባለው ቅጥያ ግን የደቡብ ወሎዎቹ «ሐይቅ» እና «አምባሰል» በራሳቸው ፊደል ተጽፈው አድራሻ እንዲሆኑ በር ከፈተ። ተቀባዩ ሰርቨር ቅጥያውን እንደሚደግፍ አስቀድሞ ካላሳወቀ ግን ላኪው ሊጠቀምበት አይችልም፤ መልእክቱ ሊመለስ ይችላል። ከ@ ምልክት በፊት ላለው ክፍል የተቀመጠው የ64 ባይት ጣሪያም አልተነሣም። ዩቲኤፍ-8 በተባለው የፊደላት ኮድ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ ይህ ክፍል ከ21 ፊደል አይበልጥም። ለእኛ ፊደል ጠባብ ነው፤ ቢሆንም መከበሩ ተገቢ ነው፣ ነባሮቹ ሰርቨሮች የተሠሩት በዚያ ልክ ነውና። የአገራችን የኢሜይል አስተዳዳሪዎች ቅጥያውን በሰርቨሮቻቸው ላይ ሥራ ላይ ሊያውሉት ይገባል።