ከድባርዋ ወደ ኢየሩሳሌም የአንድ ቀን መንገድ

አባቶቻችን ኢየሩሳሌምን ለመሳለም በእግራቸው ይሄዱ እንደ ነበረ የማያውቅ የለም። ነገር ግን፥ በአንድ ቀን ምን ያህል ይራመዱ ነበር? ምን ይሸከሙ ነበር? የሚነሡትና የሚሰፍሩትስ በስንት ሰዓት ነበር? ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ መልሱ ያጥራል። የነገሥታት ታሪክ የዘመቻን ጕዞ ከሰፈር እስከ ሰፈር ይቈጥራል፤ የመነኮሳትን ጕዞ ግን እምብዛም አይቈጥርም። ስለዚህ ዛሬ ከዚያ ረዥም መንገድ አንዱን ቀን ብቻ ለይተን እንመለከታለን።

ምስክራችን ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የሚባል የፖርቱጋል ቄስ ነው። ይህ ሰው ከንጉሡ መልእክተኞች ጋራ በ1512 ዓ.ም. ምጽዋ ወርዶ፥ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ስድስት ዓመት በአገራችን ተቀምጦ በ1518 ዓ.ም. ተመለሰ። ያየውንና የሰማውን የጻፈበትም መጽሐፍ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1540 ዓ.ም. በሊዝቦን ታተመ።

እርሱ እንደሚነግረን ተሳላሚዎቹ በባሕር ነጋሹ ከተማ በድባርዋ አጠገብ ከልደት በኋላ ይሰበሰባሉ፤ ጥምቀትንም አክብረው ይነሣሉ። አሳባቸው በሰሙነ ሕማማት ኢየሩሳሌም ለመድረስ ነው። በዐይኑ ሲነሣ ባየው ጉባኤ 336 ሰዎች ነበሩ፤ ሁሉም መነኮሳት ሲሆኑ ከእነርሱ 15ቱ ሴቶች መነኮሳይያት ነበሩ።

የቀኑም ሥርዓት እንዲህ ነው። ነጋዴ ፀሐይ ሳይበረታበት በዶሮ ጩኸት ይነሣል። እነርሱ ግን የነግሁን ጸሎት ሳያደርሱ አይንቀሳቀሱም፤ ጕዞ የሚጀምሩት ከሠለስት በኋላ ነው። ስንቁን፥ ውኃውን፥ ድንኳኑን እያንዳንዱ በድርሻው ይሸከማል። ከሸክም ነጻ የሚሆን ታቦት የያዘው ብቻ ነው፤ እርሱንም በየተራ ይለዋወጡታል። በሠርክ ጊዜ ይሰፍራሉ፤ የቤተ ክርስቲያኑንም ድንኳን ተክለው ይጸልያሉ፥ ይቀድሳሉ፥ ይቈርባሉ። በዚህ አኳኋን በቀን የሚሄዱት ከሁለት ሌጓ አይበልጥም፤ ይህም በዛሬው ልክ ከ10 እስከ 12 ኪሎሜትር ያህል ነው።

ጕልበታም ሰው ይህን መንገድ በሁለት ሰዓት ተኩል ይጨርሰዋል። ታዲያ እነዚህ ቀኑን ሙሉ ለምን ፈጁበት? ብንል ምክንያቱ ሁለት ይመስለናል። አንደኛው፥ በዚያ ጉባኤ ውስጥ ሽማግሌም ደካማም ስላለ የሁሉ እርምጃ የደካማው እርምጃ ይሆናል፤ ወደ ኋላ የሚተው የለምና። ሁለተኛው፥ መንገዱ የሚበዛው በዐቢይ ጾም ስለሚወድቅ በጾም ሥርዓት ቅዳሴው ወደ ማታ ይሆናል፤ እስኪቀደስም ድረስ እህል ውኃ የለም። ስለዚህ ቀኑን የሚመራው ጸሎቱ ነው፤ መንገዱ በሰዓታቱ መካከል የገባ ነው። ቤተ ክርስቲያኗ ራስዋ ታቦትዋን ይዛ ትጓዝ ነበር ቢባል ያስኬዳል።

ሆኖም ሒሳቡን ስንመረምር አንድ ነገር ይጎድላል። ከጥምቀት እስከ ሰሙነ ሕማማት ፋሲካ እጅግ በዘገየበት ዓመት እንኳ ከ105 ቀን አይበልጥም። በቀን 12 ኪሎሜትር ቢቈጠር 1,260 ይሆናል። ከድባርዋ በሱዋኪን በኩል ወደ ግብፅ፥ ከዚያም በሲና ምድረ በዳ ወደ ኢየሩሳሌም ያለው መንገድ ግን ከ2,000 ኪሎሜትር በላይ ነው። እንግዲህ ያ የዝግታ አካሄድ ጸሐፊው ያየው የመጀመሪያው መንገድ አካሄድ እንጂ የመጨረሻው ሊሆን አይችልም። በበረሃው ከነጋዴ ግመል ጋራ ይፈጥኑ፥ በዓባይም በጀልባ ይወርዱ እንደ ነበረ መገመት ይገባል።

ያ ጉባኤ ግን አልደረሰም። ዘመኑ ክፉ ነበር፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1513 ዓ.ም. የፖርቱጋል መርከቦች ወደ ቀይ ባሕር ገብተው ነበር፤ በ1517 ዓ.ም. ደግሞ ኦቶማኖች ግብፅን ይዘው ነበር። በሱዋኪን በኩል ሲያልፉ አደጋ ወደቀባቸው። አልቫሬዝ እንደ ጻፈው ሽማግሌዎቹ ተገደሉ፥ ወጣቶቹ ተማርከው ተሸጡ፤ ከ336ቱ ያመለጡት 15 ብቻ ነበሩ። ይህ ቍጥር ከመነኮሳይያቱ ቍጥር ጋራ ቢተካከልም ያመለጡት እነርሱ ናቸው ለማለት ማስረጃ የለንም። ከዚያ በኋላ በብዙ ሆኖ መሄድ ቀርቶ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ ማለፍ ተጀመረ ይላል።

አንዳንድ ሰው፥ እንዲህ ያለው ጕዞ ለአገር ምን ጠቀመ? ይል ይሆናል። በእንዲህ ያለ መንገድ የወጡ መነኮሳት ሮማ ላይ በቅዱስ እስጢፋኖስ አጠገብ ማረፊያ ቤት አገኙ። የመጀመሪያው የግእዝ መጽሐፍ፥ ማለት መዝሙረ ዳዊት፥ በዚያች ከተማ በ1513 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ታተመ። ከደብረ ሊባኖስ የወጣው ተስፋ ጽዮንም ሐዲስ ኪዳንን በ1548 እና በ1549 ዓ.ም. በዚያው አሳተመ። መጽሐፋችን ማተሚያ ቤት የደረሰው በመነኮሳት እግር ነው።

ዛሬ ከአዲስ አበባ የተነሣ ተሳላሚ በአውሮፕላን በጥቂት ሰዓት ይደርሳል፤ ይህም የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስነቅፍ አይደለም። የሚያሳዝነው ሌላ ነው። የእነዚያን 336 ሰዎች ቍጥር የጻፈልን እንግዳ ሰው ነው፤ የአንዳቸውንም ስም ግን ከእርሱ አላገኘንም። በየገዳሙ በብራና መጻሕፍት ኅዳግ ላይ፥ እገሌ ወደ ኢየሩሳሌም ሄደ የሚል አንድ መሥመር የሚያገኝ አንባቢ ቢኖር፥ ሳይንቅ ገልብጦ ያስቀምጠው። ምናልባት ከእነርሱ የአንዱ ስም ይሆናል።