ዘፈን የሌለበት ሸክላ

ይህን ሸክላ በተራ ማጫወቻ ላይ አድርጋችሁ መርፌውን ብታሳርፉበት ዘፈን አትሰሙም። ከዳር እስከ መሃል ያው አንድ ቀጭን፣ የማያቋርጥ ጩኸት ነው። ዲጄዎች የታይምኮድ ሸክላ ይሉታል። ጩኸቱ የተሠራው ለጆሮ ሳይሆን ለኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩ እሱን እየሰማ ሸክላው በምን ፍጥነትና ወደየት እንደሚዞር፣ መርፌውም የቱ ጋ እንዳለ ያሰላል፤ ሃርድ ዲስክ ላይ ያለውን ዘፈን በዚያው ልክ ያስኬደዋል። እጅ ሸክላውን ወደ ኋላ ሲጎትተው ፋይሉም ወደ ኋላ ይጎተታል።

ሲሠራ ደስ ይላል። ሲበላሽ ግን ያናድዳል፦ ዘፈኑ ይዘላል፣ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴ ሸክላው ወደ ፊት እየዞረ ዘፈኑ ወደ ኋላ ይሄዳል። ያኔ ሁሉም ጣቱን ላፕቶፑ ላይ ይቀስራል። ሶፍትዌር እየጻፍኩ የምኖር ሰው ስለሆንኩ ይህን ክስ ለምጄዋለሁ፤ እዚህ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ተከሳሹ ንጹሕ ነው። ጥፋቱ የሚገኘው መርፌው፣ ሽቦው ወይም አቧራው ጋ ነው። ለምን እንዲህ እንደሆነ ለመረዳት ወደ ኋላ ሃምሳ ዓመት መሄድ ያስፈልጋል።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ጥያቄ ነው፦ መርፌው አሁን ሸክላው ላይ የት ነው ያለው? በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ፣ ዲጄ ኩል ኸርክ ሰው አብዝቶ የሚጨፍረው ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻውን ሲቀር እንደሆነ አስተዋለ። ያችን አጭር ክፍል ለማስረዘም አንድ ዓይነት ሁለት ሸክላ ይዞ ከአንዱ ወደ ሌላው ይመላለስ ጀመር። መርፌውን የሚጥለው ግን በግምት ነበር። በሙያ ትምህርት ቤት ኤሌክትሮኒክስ የተማረው ግራንድማስተር ፍላሽ ግምቱ አልተመቸውም። ሸክላው ላይ በቀለም እርሳስ ምልክት አደረገ፤ ምልክቱ ስንት ጊዜ እንደዞረ እየቆጠረ ሸክላውን እንደ ሰዓት ያነበው ገባ። ቀጥሎ ግራንድ ዊዛርድ ቴዎዶር ሸክላውን በእጁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲፈትገው የሚወጣውን ድምፅ ራሱን ሙዚቃ አደረገው። ስክራች የምንለው ይሄ ነው።

እጅ እንዲህ ሲጫወትበት የሚችል ማጫወቻ ያስፈልግ ነበር። በቺንጋ የሚዞር ማጫወቻ ቀስ ብሎ ነው የሚነሳው፤ ቢይዙት ቺንጋው ይንሸራተታል። የጃፓኑ ማትሱሺታ መሐንዲስ ሹኢቺ ኦባታና ባልደረቦቹ ቺንጋውን አስወግደው ሞተሩን በቀጥታ ከሳህኑ ጋር አገናኙት። እ.ኤ.አ. በ1972 ቴክኒክስ ኤስ ኤል 1200 ወጣ፣ በ1979 ደግሞ ማርክ 2 የተባለው ተከተለ። የተሠራው ቤት ቁጭ ብሎ ሙዚቃ ለሚያዳምጥ ሰው ነበር፤ የወረሱት ግን ዲጄዎች ናቸው። በቀጣዮቹ ሃያ ዓመታት የአንድ ትውልድ እጅ በዚህ ዕቃ ላይ ተሠራ። ሸክላውን ስንት መግፋት፣ መቼ መልቀቅ፣ በየትኛው ጣት መያዝ እንዳለበት መጽሐፍ ላይ ሳይሆን ክንድ ውስጥ ተጻፈ።

ከዚያ ኤምፒ3 መጣ። በሻንጣ የሚሸከሙት ሸክላ ሁሉ አንድ ላፕቶፕ ውስጥ መግባት ቻለ። ለፕሮግራመር ቀላሉ መንገድ ማውስና ቁልፍ መስጠት ነበር፦ እጃችሁ የሚያውቀውን እርሱት፣ አዲሱን ተማሩ ማለት። አምስተርዳም ያለው ኤን 2 አይ ቲ ግን ሌላ መንገድ መረጠ። ማጫወቻው ይቆይ፣ መርፌው ይቆይ፣ ሸክላውም ይቆይ፤ የሚወጣው ዘፈኑ ብቻ ነው አለ። ፋይናል ስክራች የተባለው ሥራው እ.ኤ.አ. በ1998 ቢኦኤስ በተባለው ስርዓተ ክወና ላይ ለሕዝብ ታየ። ሪቺ ሃውቲንና ጆን አኳቪቫ የተባሉት ዲጄዎች ቀድመው ይዘውት ዞሩ፤ መርፌና ካርትሪጅ አምራቹ የአሜሪካው ስታንተንም ለገበያ አቀረበው። በ2004 የኒውዚላንዱ ሴራቶ ከአሜሪካው ሬን ጋር ሆኖ ስክራች ላይቭን አወጣ፤ ነገሩም በየክለቡ ተዳረሰ።

አሁን ጩኸቱን ራሱን እንየው። ማርክ ሂልስ የጻፈው ኤክስዋክስ የተባለ ክፍት ሶፍትዌር ስላለ ኮዱን ማንም ገልጦ ማንበብ ይችላል። የሴራቶ ሸክላ በመደበኛ ፍጥነት ሲዞር ጩኸቱ በሴኮንድ 1000 ሞገድ ነው። ፍጥነት ማለት ሞገዱን መቁጠር ነው። አቅጣጫ የሚታወቀው ደግሞ በስቴሪዮ ነው፦ በግራና በቀኝ የተቀረጸው ሞገድ አንድ ሆኖ ሳለ አንደኛው ከሌላው በሩብ ሞገድ ይቀድማል። የትኛው እንደቀደመ ካወቃችሁ ሸክላው ወደየት እንደሚዞር አወቃችሁ። ቦታው የሚገኘው ከሞገዱ ቁመት ነው። ከፍ ያለው 1፣ ዝቅ ያለው 0 ተብሎ ይነበባል፤ ተከታታይ 20 ሞገዶች አንድ ላይ ሲነበቡ በዚያ ገጽ ላይ ሌላ ቦታ የማይደገም ቁጥር ይሰጣሉ። ሸክላው በ1.8 ሴኮንድ አንዴ ስለሚዞር በአንድ ዙር 1800 ሞገድ አለ። የፍላሽ አንድ የእርሳስ ምልክት 1800 ሆነች ማለት ነው።

ብልሽቱም ከዚሁ ይመነጫል። ሁሉም ብልሽት ማለት ይቻላል ድሮም የነበረ ነው፤ ጆሮ ይቅር ይለው የነበረውን ቁጥር ይቅር አይልም።

ቀይና ነጩ ጃክ ቢቀያየር ዘፈን የሚሰማ ሰው ልብ አይለውም፤ ጊታሩ ከግራ ወደ ቀኝ ዞረ፣ በቃ። በታይምኮድ ግን የሚቀድመው ሞገድ ወደ ኋላ ስለሚቀር ዘፈኑ ተገልብጦ ይሄዳል። የካርትሪጁ አንድ ሽቦ ቢላላ ዘፈኑ በአንድ በኩል ብቻ ይሰማል፤ ኮምፒውተሩ ግን ማን እንደቀደመ የሚያወዳድርበት ስለሌለው አቅጣጫው ይጠፋበታል። ዘፈን መሃል ያለች አቧራ «ቀጭ» ብላ ታልፋለች፤ እዚህ ግን ከ20ዎቹ አንዷን ሞገድ ብታበላሽ ቦታው እንደገና እስኪጣራ ድረስ ንባቡ ይቋረጣል። ወደ ሸክላው መሃል ስትጠጉ ደግሞ ይብሳል፤ ዳር ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ የነበረች አንዷ ሞገድ መሃል ስትደርስ ወደ 0.2 ሚሊሜትር ትጠባለች። ያለቀ መርፌ መጀመሪያ የሚከዳው እዚያ ነው።

እርሙ የመጣው ከዚያም በፊት ነው። ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ እንዲቀንስ፣ ሲጫወት ደግሞ ፎኖ ማጉያው መልሶ ከፍ እንዲያደርገው የአሜሪካ ሸክላ አሳታሚዎች እ.ኤ.አ. በ1954 ተስማምተዋል። ያ ማጉያ ከሙዚቃው ጋር የኤሌክትሪክ መስመሩን 50 ኸርዝ እርምርምታ ሰባት እጥፍ ገደማ ያጎላዋል። ስለዚህ ከማጫወቻው ወደ ሚክሰሩ የምትሄደው ቀጭን የመሬት ሽቦ ከተፈታች ሞገዱ ይዋዥቃል። ፎኖና ላይን የሚለው መቀያየሪያ ያለቦታው ከሆነም እንደዚያው፦ የካርትሪጁ ጥቂት ሚሊቮልት ላይን ውስጥ ገብታ ትጠፋለች፤ የላይን ሲግናል ፎኖ ውስጥ ከገባ ደግሞ ተጨምቆ ይበላሻል።

ስለዚህ ሶፍትዌሮቹ ግራና ቀኙን አጋጥመው አንድ ክብ ይስላሉ። ክቡ ድቡልቡልና ጥርት ያለ ከሆነ ሁሉም ሰላም ነው። ሞላላ ከሆነ አንዱ ጎን ደክሟል፤ ቀጥ ያለ መስመር ከሆነ አንዱ ጎን ጭራሽ የለም፤ ከተንቀጠቀጠ የመሬት ሽቦውን እዩ፤ ማዕዘን ካወጣ ሲግናሉ በዝቷል። ፍተሻውም በታሪኩ ቅደም ተከተል ቢሄድ ጥሩ ነው። መርፌውን ጥረጉ፣ የካርትሪጁን መያዣ አፍ አጽዱ፣ የመሬት ሽቦውን አጥብቁ፣ መቀያየሪያውን እዩ፣ ሸክላውን በሌላ ሸክላ ቀይራችሁ ሞክሩ። የላፕቶፑ ሴቲንግ መጨረሻ ላይ ነው።

ሶፍትዌሩ መውጫም አዘጋጅቷል። ቦታው አልነበብ ሲለው ፍጥነቱንና አቅጣጫውን ብቻ እየተከተለ መሥራት ይችላል፤ እሱም ካልሆነ ሸክላውን ጨርሶ ትቶ ዘፈኑን በራሱ ያስኬዳል። ደረጃ በደረጃ ከሸክላ የመራቂያ መንገድ ነው፤ ገበያውም በዚያው መንገድ ሄዷል። ዛሬ ብዙ ዲጄዎች ሸክላ የሌለበት መቆጣጠሪያ ይዘው ነው የሚሠሩት። ቴክኒክስም በ2010 ማምረቱን አቁሞ በ2016 ተመልሷል።

የጠፋ ነገር የለም ማለቴ አይደለም። በታይምኮድ ሸክላ ላይ የማንም ድምፅ አልተቀረጸም፤ ዓይንም ከጨፋሪው ወደ ስክሪን ሄዷል። ቢሆንም እኛ ሶፍትዌር ጸሐፊዎች አዲስ ነገር ባወጣን ቁጥር ሰው የሚያውቀውን እንዲጥል መጠየቅ ልማዳችን ነው፤ ጥሎ የሚመጣው ብዙ ጊዜ የሃያ ዓመት ሙያ ነው። የአምስተርዳሞቹ ያንን አልጠየቁም። ብሮንክስ ላይ የተማረ እጅ ላፕቶፑ ፊት ቆሞ እንደ ጀማሪ አልተቆጠረም። የዚያ ዋጋ አልፎ አልፎ መርፌ መጥረግ ከሆነ፣ ርካሽ ነው።