ፏፏቴውን የወጣው ባልዲ

ከሁለት ዓመት በፊት ከጓደኞቼ ጋር ባሌ ሄጄ ነበር። ዲንሾ አጠገብ፣ ወይብ ወንዝ ዳር፣ ፈቃድ አውጥቶ በዘንግ የሚያጠምድ አንድ ጓደኛችን ጎኑ ላይ ቀይና ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት የሚያምር ዓሣ አወጣ። ይሄ ጓደኛችን «እኔ የማጠምደው ለመብላት ሳይሆን ይዤ ለመልቀቅ ነው» የሚል ሰው ነው። ከመልቀቃችን በፊት ግን ፎቶ ይነሳ ተባለ። አንዱ ስልኩን ፈለገ፣ ሌላው «ቆይ፣ ፀሐዩ በዚህ በኩል ነው» አለ፣ እኔ ደግሞ ዓሣውን በደረቅ እጄ ጨብጬ ከፍ አድርጌ ቆምኩ። ከአንድ ደቂቃ በላይ ሳይሆን አይቀርም። ውሃው ውስጥ ስንመልሰው ሆዱን ወደ ላይ አዞረ። ወዲያና ወዲህ ብናንቀሳቅሰውም አልነቃም።

ከብት እያገዱ ያዩን የነበሩ አንድ አባት ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀሉ «ይሄ እኮ የፈረንጅ ዓሣ ነው። ለምን መለሳችሁት? አትበሉትም?» አሉን።

እኔ የማጠናው የሙቀት ምህንድስና ነው፤ ስለ ዓሣ የማውቀው ነገር አልነበረም። ሁለት ጥያቄ ግን ይዤ ተመለስኩ። ዓሣውን ምን ገደለው? ደግሞስ ባይሞት ኖሮ፣ መልሰን መልቀቃችን ልክ ነበር ወይ? የመጀመሪያው ጥያቄ በጥቂት ቁጥሮች ይመለሳል። ሁለተኛው ግን ወደ 1864 ይወስደናል። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ያ ዓሣ ቡናማ ትራውት ይባላል። አገሩ አውሮፓ፣ ምዕራብ እስያና የሰሜን አፍሪካ ጫፍ ነው። ዘመዱ ቀስተ ደመና ትራውት ደግሞ የሰሜን ፓስፊክ ዳርቻ ዓሣ ነው። ልብ በሉ፤ ከምድር ወገብ በስተደቡብ በተፈጥሮ የሚገኝ አንድም ትራውት አልነበረም። ትራውት የሚፈልገው ቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ በመካከል ያለው የሐሩር ክልል ለእሱ ግድግዳ ነው። በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ያልዘለለውን ግድግዳ በሰው እጅ በሦስት ወር ዘለለው።

እንዴት? እንግሊዞች አውስትራሊያና ታዝማኒያ ሲሰፍሩ የአገራቸው ወንዝ ናፈቃቸው። በተለይ ሳልሞን። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአገር አገር እንስሳና ዕፅዋት እያመጡ የሚያላምዱ ማኅበራት ነበሩ፤ ሐሳባቸውን ዛሬ ሆነን ስናየው የቤት ዕቃ ማዟዟር ይመስላል። የጎደለ ካለ አምጣ፣ አስቀምጥ። የሳልሞን እንቁላል በመርከብ ለማድረስ በ1852፣ በ1860 እና በ1862 ተሞክሮ ሦስቱም ከሸፈ። በረዶው ያልቃል፣ ውሃው ይሞቃል፣ እንቁላሉ ይሞታል።

ጄምስ ዩል የተባለው ሰው ግን ተስፋ አልቆረጠም። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ይሄ የእኔ ሙያ ነው። የትራውት እንቁላል የሚፈለፈልበት ጊዜ በውሃው ሙቀት ይወሰናል። ውሃው 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከሆነ በ41 ቀን ገደማ ይፈለፈላል። ወደ 2 ዲግሪ ዝቅ ካለ ግን 148 ቀን ገደማ ይፈጃል። ከእንግሊዝ አውስትራሊያ በሸራ መርከብ ሦስት ወር ያህል ነው። እንግዲህ አስሉት፤ በ10 ዲግሪ ቢጓዝ ጫጩቶቹ ባሕር መሐል ይፈለፈላሉ፤ በረዶ አጠገብ ቢቀመጥ ግን እንቁላሉ «ይተኛል»። ሰዓቱን የሚያዘገየው ቅዝቃዜ ነው።

ቅዝቃዜውን ማቆየትስ? አንድ ኪሎ በረዶ ሲቀልጥ 334 ኪሎጁል ሙቀት ይውጣል። ይሄ ሙቀት አንድ ኪሎ ውሃን ከ0 ወደ 80 ዲግሪ ለማሞቅ ይበቃል። የሚገርመው፣ ያን ሁሉ ሙቀት እየዋጠ በረዶው ራሱ 0 ዲግሪ ላይ ነው የሚቆየው። ዩል መጀመሪያ ለንደን ውስጥ የአንድ በረዶ ነጋዴ ድርጅት መጋዘን ውስጥ ሞከረው። እንቁላሉን በትንንሽ የእንጨት ሳጥኖች፣ እርጥብ የድንጋይ ሽበት መሐል አድርጎ በረዶ ውስጥ ቀበረው። የሚቀልጠው ውሃ ጠብ ጠብ እያለ በሽበቱ ውስጥ ያልፋል፤ እንቁላሉን ያርሰዋል፣ ያቀዘቅዘዋል፣ ትኩስ ኦክስጅንም ያደርስለታል። ፓምፕ የለ፣ ቧንቧ የለ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንደ መሐንዲስ ቀናሁበት።

በጥር 1864 «ኖርፎክ» የተባለችው መርከብ 181 ሳጥን ጭና ተነሳች። በውስጡ ከ100,000 በላይ የሳልሞን እንቁላል ነበረ። በመጨረሻ ሰዓት ደግሞ 3,000 ገደማ የትራውት እንቁላል እንደ ምርቃት ተጨመረ። ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ሜልቦርን ደረሰች፤ አብዛኛው ሳጥን ወደ ታዝማኒያ ተሻግሮ ፕሌንቲ ወንዝ አጠገብ በተቆፈሩ ኩሬዎች ውስጥ ተራገፈ።

ከዚያስ ምን ሆነ? ሳልሞኖቹ ተፈለፈሉ፣ አደጉ፣ እንደ ልማዳቸው ወደ ባሕር ወረዱ፤ በዚያው ቀሩ። ለዓመታት የተለፋበት ዓሣ አልተመለሰም። ከምርቃቱ የተፈለፈሉት 300 ገደማ ትራውቶች ግን ወንዙን ወደዱት። በ1866 እነሱም እንቁላል ጣሉ። በ1867 ልጆቻቸው ኒውዚላንድ ደረሱ። ዛሬ ኒውዚላንድ ትራውት ለማጥመድ ከዓለም ዙሪያ ሰው የሚጎርፍባት አገር ናት።

የኒውዚላንድ ወንዞች ግን ባዶ አልነበሩም። ጋላክሲድ የሚባሉ ቅርፊት የሌላቸው ትንንሽ ዓሦች ይኖሩባቸዋል። እንደ ትራውት ያለ አሳዳጅ አይተው አያውቁም ነበር። ዛሬ በታይሪ ወንዝ ተፋሰስ እነዚህ ዓሦች በብዛት የሚገኙት ከትልልቅ ፏፏቴዎች በላይ፣ ትራውት ዘሎ ሊደርስበት በማይችለው ቦታ ነው። ማኦሪዎች ኡፖኮሮሮ የሚሉት ሌላ ዓሣ ደግሞ ከ1920ዎቹ ወዲህ ጨርሶ አልታየም። ለመጥፋቱ ከሚጠረጠሩት ምክንያቶች አንዱ ትራውት ነው። ምን ያናድዳል መሰላችሁ? ኡፖኮሮሮን በሕግ የጠበቁት በ1951 ነው፤ ከጠፋ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ!

ፏፏቴ የሚለውን ቃል ያዙልኝ። በእኛ ሙያ ፈሳሽን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ አለ። ፏፏቴም ለዓሣ እንደዚያው ነው፤ መውረድ ይቻላል፣ መውጣት አይቻልም። የዓለም የዓሣ ታሪክ ግማሹ በፏፏቴ የተጻፈ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም። ናይል ፐርች ከመርቺሰን ፏፏቴ በታች ይኖር ነበር፤ ቪክቶሪያ ሐይቅ ደግሞ ከፏፏቴው በላይ ነው። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ መጀመሪያ ሰው ተሸክሞ አሻገረው። ምክንያቱ በከፊል ትልቅ የሚበላ ዓሣ ለማግኘት፣ በከፊልም ለመዝናኛ አጥማጆች ነበር። ከዚያ በኋላ በዚያ ሐይቅ ብቻ ይገኙ የነበሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ የዓሣ ዝርያዎች ተመናመኑ፤ ብዙዎቹም ጠፉ። ያው ናይል ፐርች ጫሞ ሐይቅና ባሮ ወንዝ ውስጥ የአገሩ ልጅ ነው። ባዕድነት የዓሣው ጠባይ አይደለም፤ ፏፏቴውን በምን እንደወጣ ነው ጥያቄው።

ወደ እኛም በዚሁ መንገድ መጣ። በ1905 አካባቢ ኤዋርት ግሮጋን የተባለ እንግሊዛዊ ሰፋሪ ከስኮትላንድ ሎክ ሌቨን ሐይቅ የቡናማ ትራውት እንቁላል አስመጥቶ ኬንያ ውስጥ ጉራ ወንዝ ላይ አስገባ። ቀስተ ደመናውም ተከተለ። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ሁለቱም ከኬንያ ወደ ባሌ ተራሮች ወንዞች መጡ፤ ወይብ ከነዚህ አንዱ ነው። ያ ሶፍ ዑመር ዋሻን ሰንጥቆ የሚያልፈው ወይብ! ዓላማው ለመዝናኛ ማጥመድ ነበር። እኚያ አባት «የፈረንጅ ዓሣ» ያሉት ልክ ናቸው ማለት ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ። ዓሣ ይዞ የመልቀቅ ልማድ ሰፊ ድጋፍ ያገኘው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። አሜሪካዊው አጥማጅ ሊ ዉልፍ በ1939 ባሳተመው መጽሐፍ ጥሩ ዓሣ አንዴ ብቻ ተይዞ እንዲቀር ማድረግ ብክነት ነው የሚል ሐሳብ አነሳ። መልካም ሐሳብ ነው፤ ግን የሚሠራው የተለቀቀው ዓሣ ከኖረ ነው። በ1992 የታተመ አንድ የካናዳ ጥናት ቀስተ ደመና ትራውቶችን እስኪደክሙ አሯሯጠ። ከውሃ ሳይወጡ ከቆዩት 88 በመቶው ተረፉ። ከድካሙ በኋላ 30 ሰከንድ አየር ላይ ከቆዩት የተረፉት 62 በመቶ፤ 60 ሰከንድ ከቆዩት ደግሞ 28 በመቶ ብቻ። የኛ ፎቶ ከአንድ ደቂቃ በላይ ነው የፈጀው።

ምክንያቱም ይገባል። ዓሣ የሚተነፍስበት ስንጥብ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረበ ስስ ሥጋ ነው፤ ውሃ ሲኖር ገጾቹ ይገለጣሉ፣ አየር ላይ ግን እርስ በርስ ይጣበቃሉ። በዚያ ላይ የእኔ ደረቅ እጅ ከበሽታ የሚጠብቀውን የቆዳውን ዝልግልግ ልባስ ገፎበታል። የባሌ ከፍታም አለ። 10 ዲግሪ ያለው ውሃ ባሕር ጠለል ላይ በሊትር 11.3 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። ከፍታው 3,000 ሜትር ሲሆን የአየሩ ግፊት ወደ 70 በመቶ ስለሚወርድ ኦክስጅኑም ወደ 8 ሚሊግራም ዝቅ ይላል። ሩጫ ጨርሶ የሚያለከልክ ሰው አፍንጫውን ይዛችሁ «ፈገግ በል» እንደማለት ነው።

ስለዚህ የምትለቁት ከሆነ መንጠቆው ላይ ወደ ኋላ የዞረችውን ትንሽ እሾህ በፒንሳ ተጭናችሁ አስተኟት፤ ቶሎ ይነቀላል። እጃችሁን አርጥቡ፣ ዓሣውን ከውሃ አታውጡ፣ ፎቶ ካስፈለገም ውሃው ውስጥ እንዳለ ይነሳ።

የምትለቁት ከሆነ። ሁለተኛው ጥያቄ እዚህ ጋ ነው። የሎውስቶን ፓርክን እዩት። ሉዊስ የሚባለው ሐይቅ ከፏፏቴ በላይ ስለነበረ ዓሣ አልነበረውም፤ በ1890 መንግሥት ራሱ ሌክ ትራውት አስገባበት። በ1994 ይሄው ዓሣ የሎውስቶን ሐይቅ ውስጥ ተገኘ። የሐይቁ ተወላጅ ከትስሮት የሚባለው ትራውት ነው፤ እንቁላል ሊጥል ወደ ትንንሽ ጅረቶች ስለሚወጣ ድብም፣ ዓሣ በል ንስርም በእሱ ይኖራሉ። አዲሱ ግን ከትስሮትን እየበላ ጥልቁ ውስጥ ይኖራል፤ ድብ አይደርስበትም። ፓርኩ እስካሁን ከ4 ሚሊዮን በላይ ሌክ ትራውት በመረብ አውጥቷል። ለአጥማጁ የተሰጠው ደንብም እንዲህ ነው፤ ከትስሮት ከያዝክ ሳትጎዳ ልቀቅ፣ ከዚያ ሐይቅ ሌክ ትራውት ከያዝክ ግን ግደል። በአንድ ሐይቅ፣ በአንድ መንጠቆ፣ በአንድ ሰው እጅ! አውስትራሊያ ውስጥ በኩዊንስላንድም የያዙትን ቲላፒያ ወደ ውሃ መመለስ ክልክል ነው። ቲላፒያ ማለት እኮ እኛ ቆሮሶ የምንለው ነው።

የእኛን ሁለት ውሃዎች አነጻጽሩ። ጣና ሐይቅ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ የተለየ ነው፤ በዚያ ቫልቭ ምክንያት 15 ገደማ የሚሆኑ፣ ሌላ የትም የማይገኙ ትልልቅ የባርቡስ ዝርያዎች ተፈጥረውበታል። ብዙዎቹ ክረምት ላይ እንደ ጉማራ ባሉ ገባሮች ሊራቡ ይወጣሉ። እዚያ ሽቅብ የሚወጣ፣ እንቁላል የያዘ ባርቡስ መንጠቆዬ ላይ ቢገባ በእርጥብ እጅ፣ በሰከንዶች ውስጥ ነው የምለቀው። ወይብ ላይ ግን ትራውት ብይዝ፣ የፓርኩ ደንብ እስከፈቀደ ድረስ፣ እንደ እኔ ከሆነ መመለስ የለበትም። ከምንም በላይ ደግሞ በሕይወት እያለ በባልዲም ሆነ በፌስታል ወደ ሌላ ወንዝ መሄድ የለበትም፤ «እዚያኛው ጅረትም ቢኖር ጥሩ ነበር» የሚል ቅን ሰው ነው ይሄን ሁሉ ያመጣው።

ጓደኛዬ በዚህ አይስማማም። ወይብ ላይ ሃምሳ ዓመት የኖረ ዓሣ ዜጋ ሆኗል ይላል። ለመስከረም እንደገና ዲንሾ ለመሄድ ቀጠሮ አለን። እሱ መንጠቆዎቹን በፒንሳ አስተካክሏል፤ እኔ መጥበሻና በርበሬ ይዣለሁ።