ጆሺ፦ የጃፓንኛ አጋዥ ቃላት

ጆሺ በጃፓንኛ ሰዋስው ከስም፣ ከግሥ ወይም ከሙሉ ዓረፍተ ነገር ኋላ እየተለጠፉ የቃሉን ሙያ፣ የንግግሩን ትኩረትና የተናጋሪውን አዝማሚያ የሚያሳዩ አጫጭር ቃላት መጠሪያ ነው። ስሙ በጥሬው «አጋዥ ቃል» ማለት ነው። አብዛኞቹ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀለም አይበልጡም፤ እንደ ግሥ አይረቡም፣ ብቻቸውንም አይቆሙም።

ጃፓንኛ እንደ አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያኖራል። ግሡ ግን ባለቤቱን አይነግርም፦ በላሁ፣ በላሽ፣ በሉ ለማለት «ታቤታ» የሚለው አንድ ቃል ይበቃል። በአማርኛ ግሡ የሚሸከመው ሥራ ከፊሉ በጃፓንኛ የጆሺ ድርሻ ነው። «ታሮ ጋ ሃናኮ ኦ ዮንዳ» ማለት «ታሮ ሃናኮን ጠራ» ነው፤ «ጋ» ባለቤቱን፣ «ኦ» ተሳቢውን ያመለክታል። ቦታ ተለዋውጠው «ሃናኮ ኦ ታሮ ጋ ዮንዳ» ቢባልም ጠሪው ያው ታሮ ነው። «ኦ» የአማርኛውን «ን» ይመስላል፤ ሆኖም «ዳቦ በላሁ» እና «ዳቦውን በላሁ» እንደምንለው ነገሩ ተለይቶ መታወቅ አለመታወቁን አይጠይቅም።

ጀማሪን የሚያስቸግረው «ኒ» ነው። «ቶሞዳቺ ኒ ሚሴሩ» ለጓደኛ ማሳየት፣ «ኪዮቶ ኒ ኢኩ» ወደ ኪዮቶ መሄድ፣ «ኪዮቶ ኒ ሱሙ» በኪዮቶ መኖር፣ «ኢኑ ኒ ካማሬታ» በውሻ ተነከሰ፣ «ቶሞዳቺ ኒ ሞራዉ» ደግሞ ከጓደኛ መቀበል ነው። ለ፣ ወደ፣ በ እና ከ በአንድ ቀለም ተጠቅልለዋል ማለት ነው፤ ስለዚህ «ኒ»ን በአንድ የአማርኛ ቃል ተርጉሞ መሸምደድ ከንቱ ድካም ነው። በአንጻሩ «ዴ» ከእኛው «በ» ብዙም አይርቅም፦ ድርጊት የሚፈጸምበትን ቦታ («ኪዮቶ ዴ ሃታራኩ»፣ በኪዮቶ መሥራት) እና መሣሪያን («ሃሺ ዴ ታቤሩ»፣ በመብያ እንጨቶች መብላት) ያሳያል። መኖር «ኒ»፣ መሥራት «ዴ» መውሰዳቸው ነው አማርኛ ተናጋሪን የሚያደናግረው፤ ለእኛ ሁለቱም «በ» ናቸውና።

የሰዋስው ሊቃውንትን በብዛት ያከራከሩት ግን «ዋ» እና «ጋ» ናቸው። «ዋ» ሙያን አያሳይም፤ ወሬው ስለ ምን እንደሆነ ያስታውቃል። «ዳሬ ጋ ኪታ?» (ማን መጣ?) ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ «ታሮ ጋ ኪታ» ነው፤ አማርኛ ይህን «የመጣው ታሮ ነው» ይለዋል። «ታሮ ዋ ኪታ» ካልን ግን «ታሮስ መጥቷል» እንደማለት ነው፤ የቀሩት ነገር ገና አልተነገረም። መጠይቁ «ዳሬ» ራሱ «ጋ»ን እንጂ «ዋ»ን አይወስድም፤ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው የወሬ ርዕስ ሊሆን አይችልምና። በተረትም ሽማግሌው መጀመሪያ ብቅ ሲል «ጋ» ይከተለዋል፤ አድማጭ ካወቀው በኋላ «ዋ» ይረከበዋል።

ሱሱሙ ኩኖ የተባሉት የቋንቋ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት መጽሐፍ ሁለት ዓይነት «ዋ» ለይተዋል፦ ርዕስ የሚያነሣና የሚያነጻጽር። «ሳኬ ዋ ኖሙ» የሚል ሰው «መጠጥማ እጠጣለሁ» ማለቱ ነው፤ ሲጋራ ግን እንደማያጨስ ሳይናገር ይሰማል። ጃፓንኛን በእንግሊዝኛ መማሪያ የተማረ ሰው ለዚህ ረጅም ማብራሪያ ይሰጠዋል። አማርኛ ተናጋሪ ግን «ስ»፣ «ማ» እና «ም» የተባሉ ቅጥያዎች አፉ ላይ አሉለት፤ መስተዋድድ ከመፈለግ ከእነዚህ ቢነሣ መንገዱ ያጥርለታል። «አናታ ዋ?» ቁልጭ ያለ «አንተስ?» ነው። «ታሮ ሞ» ታሮም ነው። «ዳሬ ሞ ኮናይ» ደግሞ «ማንም አይመጣም» ማለት ነው፤ መጠይቅ ላይ «ም» ጨምሮ አሉታ መሥራት በሁለቱም ቋንቋ አንድ ነው። የዘር ዝምድና ግን የላቸውም፤ መመሳሰሉ የአጋጣሚ ነው።

«ዋ» ሲመጣ «ጋ» እና «ኦ» ቦታ ይለቃሉ፤ «ኒ» እና «ካራ» (ከ) ግን አብረውት ይቆማሉ፦ «ኒ ዋ»፣ «ካራ ዋ»። በዚህ ምክንያት «ቶሪ ዋ ታቤታ» ዶሮዋ በላች ወይም ዶሮዋ ተበላች ሊሆን ይችላል፤ ለይቶ የሚነግረው አውዱ ብቻ ነው። አኪራ ሚካሚ (1903–1971) ከዚሁ ችግር ተነሥተው ጃፓንኛ «ባለቤት» የሚባል ነገር የለውም እስከማለት ደረሱ። ሚካሚ የሒሳብ መምህር ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1960 የታተመው ዝነኛ መጽሐፋቸው ርዕሱ ራሱ የሰዋስው ምሳሌ ነው፦ «ዞ ዋ ሃና ጋ ናጋይ»፣ ዝሆን ኩምቢው ረጅም ነው። የባለቤቱ ጥያቄ ለእኛም እንግዳ አይደለም። «ኒሆንጎ ጋ ዋካሩ» በአማርኛ «ጃፓንኛ ይገባኛል» ነው፤ በሁለቱም የሚገባው ቋንቋው እንጂ ሰውየው አይደለም። ሕመም ላይ ሲደርስ ግን እንለያያለን፦ «አታማ ጋ ኢታይ» ብሎ ጃፓናዊ ጭንቅላቱን «ጋ» ሲያስከትለው፣ እኛ «ራሴን አመመኝ» ብለን ተሳቢ እናደርገዋለን።

የጆሺ የቆየ ስም «ቴኒኦሃ» ነው። የጥንት ጃፓናውያን የቻይንኛ ጽሑፍ በራሳቸው ቋንቋ ሲያነቡ የጎደሉትን አጋዥ ቃላት በነጥብ ያመለክቱ ነበር፤ በአንደኛው ሥርዓት በፊደሉ አራት ማዕዘናት የሚቀመጡት ነጥቦች ከግራ ግርጌ ተነሥተው በዙሪያው ሲነበቡ ቴ፣ ኒ፣ ኦ፣ ሃ ይሆናሉ። ዛሬም ነገሩ የማይገጥም ንግግር «ቴኒኦሃው አልገጠመም» ይባላል። ሊቁ ሞቶኦሪ ኖሪናጋ እ.ኤ.አ. በ1785 በታተመ ሥራቸው፣ በጥንቱ ቋንቋ አንዳንድ ጆሺዎች የዓረፍተ ነገሩን መዝጊያ ቅርጽ እንዴት እንደሚወስኑ በዝርዝር አሳይተዋል። ያ ሕግ በዘመናዊው ቋንቋ የለም። «ጋ»ም ድሮ እንደ «የ» ያገለግል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1600 ታላቁ ውጊያ የተካሄደበት ሴኪጋሃራ «የኬላው ሜዳ» ማለት ነው።

በአጻጻፍም አሮጌው አሻራ ቀርቷል። «ዋ» የሚጻፈው በ«ሃ» ፊደል፣ አቅጣጫ አመልካቹ «ኤ» በ«ሄ»፣ ተሳቢው «ኦ» በ«ዎ» ነው። የ1946ቱ የፊደል ማሻሻያ ሌላውን አጻጻፍ ወደ አነባበብ ሲያቀርብ እነዚህን ሦስቱን አልነካም። ሁሉም የሚያውቀው ሰላምታ «ኮኒቺዋ»ም መጨረሻው ይኸው «ዋ» ነው፦ «ዛሬስ…» ብሎ ተጀምሮ ቀሪው ሳይነገር የቀረ ዓረፍተ ነገር።

ዓረፍተ ነገር ከሚዘጉት መካከል «ካ»፣ «ኔ» እና «ዮ» ይገኛሉ። «ካ» ይጠይቃል፤ «ሳሙይ ኔ» ብርድ ነው፣ አይደል? ብሎ አድማጭን ሲያስማማ፣ «ሳሙይ ዮ» ይበርዳል እኮ ብሎ የማያውቀውን ያስታውቃል። በዕለት ተዕለት ወሬ «ጋ»፣ «ኦ» እና «ዋ» እየተዋጡ ይቀራሉ፤ ቡና ትጠጣለህ? ለማለት «ኮሂ ኖሙ?» ይበቃል። «ካራ» ግን በዚህ መልክ አይዋጥም፤ «ቶኪዮ ካራ ኪታ» ከሚለው ቢጎድል ሰውየው ከቶኪዮ መጣ ወይስ ወደ ቶኪዮ የሚለው አይታወቅም።