የጉምሩክ ሹሙና የጥንት ሰው ድንጋይ

ስለ ጥንት ሰው የሚደረገው ምርመራ ዛሬ በየአገሩ የታላላቅ ትምህርት ቤቶች ሥራ ሆኗል። ዳሩ ግን የዚህን ዕውቀት በር ከከፈቱት ሰዎች አንዱ ዣክ ቡሼ ደ ፔርት የሚባል የጉምሩክ ሹም ነበረ። የተወለደው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1788 ዓመት በፈረንሳይ አገር ነው፤ ከዚህ በታች የሚነገረውም ዘመን ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ነው። ከ1825 ጀምሮ በሶም ወንዝ ዳር በምትገኘው በአብቪል ከተማ ተሾመ።

በከተማይቱ ዙሪያ ሠራተኞች ጠጠርና አሸዋ ይቆፍሩ ነበር። ሹሙም ከሥራው የተረፈውን ጊዜ በነዚያ ጕድጓዶች አፍ ያሳልፍ ጀመረ። ከጠጠሩ ድርብርብ ሥር፥ ዘራቸው ከጠፋ ዝሆንና አውራሪስ አጥንት ጋራ፥ በሰው እጅ ግራና ቀኙ የተጠረበ፥ ጫፉ የሾለ ባልጩት አገኘ። በዚያ ዘመን ብዙ ሊቃውንት ሰው ከነዚህ አራዊት ጋራ አልኖረም ይሉ ነበር፤ ድንጋዩ ግን መኖሩን መሰከረ።

ይህንንም በ1849 ባወጣው መጽሐፍ ገለጠ፤ ሊቃውንቱም ናቁት። ንቀታቸው ፈጽሞ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ እውነተኛውን መሣሪያ ተፈጥሮ ከቀረጸው ተራ ድንጋይ ጋራ ቀላቅሎ፥ ይህ የአውሬ ምስል ነው ይል ነበርና። የሆነ ሆኖ ከተቃወሙት አንዱ፥ የአሚየን ከተማ ሐኪም ሪጎሎ፥ በ1854 በሴን አሹል ጕድጓድ እንደዚያው ያለ መሣሪያ አግኝቶ ምስክር ሆነለት።

በ1859 ሚያዝያ ሁለት እንግሊዞች ባሕር ተሻግረው መጡ። አንደኛው ጆሴፍ ፕሬስትዊች የወይን ጠጅ ነጋዴ፥ ሁለተኛው ጆን ኤቫንስ የወረቀት ፋብሪካ ባለቤት ነበሩ። በሴን አሹልም መሣሪያው ገና ከጠጠሩ ሳይነቀል አይተው ፎቶግራፍ አስነሡት፤ በግንቦትም ፕሬስትዊች በለንደን በሮያል ሶሳይቲ ፊት መሰከረ። የዚህ ዐይነት መሣሪያ በመንደሩ ስም አሹሊያን ተባለ፤ በአገራችን በኮንሶ የተገኘው 1,750,000 ዓመት ያህል ዕድሜ አለው።

ሹሙ ግን ድንጋዩ አልበቃውም፤ የሰውየውን አጥንት ተመኘ። ለሚያገኝለት ሠራተኛም 200 ፍራንክ ሊሰጥ ቃል ገባ። በ1863 መጋቢት ከሙላን ኪኞን ጕድጓድ የሰው መንጋጋ ወጣለት። የሁለቱ አገር ሊቃውንት ተሰብስበው ተከራከሩ፤ እንግሊዞቹ ከዚያው ስፍራ የተገኘ ጥርስ በመጋዝ ቢሰነጥቁት ውስጡ ገና ትኩስ ሆኖ ተገኘ። መንጋጋውም የቅርብ ዘመን ሰው መሆኑና ለሽልማቱ ተብሎ መቀበሩ በኋላ ታመነ። ሹሙ በ1868 ሞተ፤ ጕድጓዱም የማታለል ስም ወጥቶለት ተጣለ።

ከመቶ ኀምሳ ዓመት በኋላ ግን የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ያንኑ ስፍራ እንደ ገና ቆፍረው፥ በሰው እጅ የተጠረበ እውነተኛ ባልጩት አገኙ። በ2019 እንዳስታወቁትም ዕድሜው ወደ 650,000 ዓመት ይጠጋል። ስለዚህ ከአንድ ጕድጓድ ሐሰትም እውነትም ወጣ፤ ሐሰቱን የጠራው ሽልማት ነው፤ እውነቱን ግን ሊቃውንቱ ከሐሰቱ ጋራ አብረው ጥለውት ኖረዋል። ሊቅ የተርታውን ሰው ድካም አይናቅ፤ ዕውቀት ወዳዱም የተመኘውን ነገር ሰው ሲያመጣለት፥ ያን ጊዜ ይልቁን ይጠንቀቅ።